ጭነት አስፋልት ላይ ሲፈስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቲማቲም፣ ቸኮሌት፣ ንብ፣ ዓሣ፣ የብር ኖት፤ ሁሉም ከመኪና ላይ ወድቀው ዋና መንገድ ዘግተው ያውቃሉ። ፎቶግራፉን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ይስቃል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየነዳ መጥቶ ድንገት መሐሉ የገባው ሹፌር ግን አይስቅም። ይህን የጻፍኩት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል» ብሎ በናቀው ነገር መሆኑ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቲማቲም ፈሰሰ ተብሎ መንገድ ይዘጋል እንዴ? ጎማ ይጨፈልቀው የለም?

ችግሩ መጨፍለቁ ነው። በኦገስት 2022 መጨረሻ በካሊፎርኒያ፣ ቫካቪል ከተማ አጠገብ፣ አይ-80 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ አንድ የጭነት መኪና ተጋጭቶ 150,000 ያህል ቲማቲም አፈሰሰ። ቀድመው የደረሱት መኪኖች ጨፈለቁት። ቆዳውና ጭማቂው አስፋልቱ ላይ ተለውሶ ከኋላ የመጡትን አንሸራተተ፤ 7 መኪኖች ተጋጩ፣ ሰውም ተጎዳ። የአውራ ጎዳና ፖሊሱ ሁኔታውን በበረዶ ላይ ከመራመድ ጋር ነበር ያመሳሰለው።

አላጋነነም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም 56 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በረዶ ላይ ያው መኪና ወደ 400 ሜትር ይፈልጋል። ሹፌሩ አይቶ፣ አስቦ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ የሚሄደው ርቀት በዚህ ውስጥ የለም።

ከመቂና ከባቱ በእንጨት ሳጥን ተደርድሮ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ የሚገባውን ቲማቲም ያየ ሰው ነገሩ የካሊፎርኒያ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። የላይኛው ረድፍ በአንድ ቀጭን ገመድ ተይዞ በየጉድጓዱ ሲዘል ከሥሩ ተለጥፎ መንዳት አይገባም። ወይ አመቺ ቦታ ጠብቀው ይቅደሙት፣ ወይ ራቅ ብለው ይከተሉት። እህል የጫነውም ያው ነው፤ ደረቅ በቆሎና ስንዴ ከጎማ ሥር እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይንከባለላል።

ሳላየው መሐሉ ከገባሁስ?

እግርዎን ከነዳጁ ላይ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስ። በሚያዳልጥ ነገር ላይ ፍሬንን በድንገት መርገጥ፣ መሪን መጠምዘዝና ማርሽን በኃይል መቀነስ ሦስቱም መኪናውን ያሽከረክሩታል። የግድ መቆም ካለብዎትና መኪናዎ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከል ፍሬን) ካለው ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው ይያዙት፤ ከሌለው ረገጥ ለቀቅ ያድርጉ፤ የቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማምና። አራቱን ፍሬቻ ያብሩ። ከወጡ በኋላ ፍሬኑን ቀስ አድርገው ይሞክሩት፤ ዘይት ወይም ቅባት የነካው ፍሬን ቀጣዩ ቁልቁለት ላይ ሊከዳዎ ይችላል።

ዕቃ ወድቆ ባይ ልሽሸው ወይስ ልርገጠው?

ትሪፕል-ኤ የተባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ተቋም በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ከ2011 እስከ 2014 ባሉት አራት ዓመታት ብቻ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር በአሜሪካ ከ200,000 በላይ አደጋዎች ውስጥ እጁ ነበረበት። 39,000 ያህል ሰው ተጎድቷል፣ ከ500 በላይ ሞቷል። ከሞቱት ውስጥ 37 በመቶው ያለቁት ሹፌር ዕቃውን ለመሸሽ መሪ ባዞረበት አደጋ ነው። ከዕቃው ተርፎ በተቃራኒ የሚመጣ መኪና ውስጥ መግባት፣ ወይም ገደል መግባት ማለት ነው።

ስለዚህ ካርቶን፣ ባዶ ማዳበሪያ ወይም የተቆራረጠ ጎማ ቢሆን ፍጥነት ቀንሶ፣ መስመር ሳይለቁ ማለፍ ይሻላል። መሰላል፣ ብረት ወይም ሶፋ ከሆነ መጀመሪያ በመስመርዎ ላይ እንዳሉ ፍሬን ይያዙ፤ መሪ የሚዞረው የጎን መስታወት ታይቶ ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የሚያገኘው ግን ከፊቱ ካለው መኪና ርቆ የሚነዳ ሰው ነው።

ንብ የጫነ መኪና ተገልብጦ ብደርስ?

ይህ ሰው እንደሚያስበው ብርቅ አይደለም። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ቀፎ በከባድ መኪና ተጭኖ አበባ ተከትሎ ይዞራል። በኤፕሪል 2015 በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ሰሜን ሊንዉድ አጠገብ 14 ሚሊዮን ያህል ንብ የጫነ መኪና ተገለበጠ። ንብ አናቢዎች የቻሉትን ሰበሰቡ፤ ፀሐይዋ እየጠነከረች ንቦቹ ሲቆጡ ግን የእሳት አደጋ ሠራተኞች በአረፋ ረጯቸው፤ ብዙው አለቀ። በኦገስት 2023 በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በርሊንግተን ውስጥ ደግሞ የመኪና ማሰሪያ ላልቶ ቀፎዎች ወደቁና 5 ሚሊዮን ገደማ ንብ ወጣ። ፖሊስ ሹፌሮችን መስታወት ዝጉ፣ እግረኞችንም በዚያ አትለፉ አለ፤ ለጥሪው የመጡ ንብ አናቢዎችም አብዛኞቹን ወደ ቀፏቸው መለሱ።

መስታወት ይዝጉ። ከውጭ አየር የሚያስገባውንም ይዝጉ፤ ብዙ ሰው ይህንን ይረሳል። ከመኪና አይውረዱ፣ ጡሩምባ አይንፉ። አንዷ ከገባች አይምቷት። የነደፈች ንብ ሌሎችን የሚጠራ ሽታ ትተዋለች፤ ሽታው የበሰለ ሙዝ ይመስላል፤ እሷን የተከተሉት ሁሉ ወደዚያው ይመጣሉ። መንደፊያው ቆዳ ውስጥ ከቀረ ቶሎ ፍቀው ያውጡት። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ነገሩ የአምቡላንስ ነው፣ ጊዜ አይስጡት።

የኛን አገር ንብ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ቀፎ ለምን በሌሊት እንደሚጓጓዝ ይገባዋል። ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ከአደጋ በኋላም ንቦቹን ለመሰብሰብ የሚመቸው ምሽትና ንጋት ነው።

ጽዳቱ ለምን ሰዓታት ይፈጃል? ውኃ ረጭቶ መክፈት አይቻልም?

እንደፈሰሰው ነገር ነው። በሜይ 2018 በፖላንድ፣ ስውፕትሳ ከተማ አጠገብ በኤ2 ጎዳና ላይ 12 ቶን ያህል ፈሳሽ ቸኮሌት የጫነ ቦቴ ተገለበጠ። ቦቴው ቸኮሌቱን በሙቀት ይዞት ስለነበር ፈሰሰ፤ አስፋልቱ ላይ ሲበርድ ደግሞ ጠጠረ። ስድስቱም ረድፍ ተዘጋ። ቀዝቃዛ ውኃ ምንም አያደርገውም፤ ሙቅ ውኃ መምጣት ነበረበት።

በጁላይ 2017 በኦሪገን ጠረፍ፣ ዴፖ ቤይ አጠገብ የሆነው ከዚህም የባሰ ነው። ሃግፊሽ የሚባሉ፣ እባብ የሚመስሉ የባሕር ፍጥረቶች ናቸው፤ 3,400 ኪሎ ያህሉን የጫነ መኪና ከፊቱ ለመንገድ ሥራ የቆሙ መኪኖችን አይቶ ፍሬን ሲይዝ የያዛቸው ገንዳ ተንሸራቶ ወደቀ። ሃግፊሽ ሲደነግጥ ከቆዳው የሚያመነጨው ነገር ውኃ ሲያገኝ በቅጽበት ያብጥና ባልዲ ሙሉ ዝልግልግ ይሆናል። ውስጡ እንደ ሐር የቀጠኑ ክሮች ስላሉበት አይቆረጥም፣ ከእጅም አይለቅም። በርካታ መኪኖች ተጎዱ፤ መንገዱ በዶዘር ተገፍቶና በእሳት አደጋ ቧንቧ ታጥቦ ነው የተከፈተው። ዓሣዎቹ ወደ ደቡብ ኮሪያ ለምግብ የሚላኩ ነበሩ።

ለተራ ዘይትና ናፍጣ ውኃ መርጨት ጭራሽ ስህተት ነው፤ ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚበጀው አሸዋ ወይም ሰጋቱራ በትኖ ማስመጠጥና መጥረግ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የፈሰሰው ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ መንገድ ተዘግቶ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ተቃጥሎ ገና ውኃ ያላገኘ ኖራ ለምሳሌ ውኃ ሲነካው ይፈላል።

ምግብ በእሳት ይነድዳል?

አዎ፣ ያውም ክፉኛ። በጃንዋሪ 2013 በሰሜን ኖርዌይ፣ ብራትሊ በተባለ ዋሻ ውስጥ 27 ቶን ቡናማ የፍየል አይብ የጫነ መኪና በእሳት ተያያዘ። አይቡ ስብና ስኳር የበዛበት ነው፤ ለቀናት ነደደ። ሰው አልተጎዳም። ፈረንሳይንና ኢጣሊያን የሚያገናኘው የሞንት ብላንክ ዋሻ ግን እንደዚያ አልነበረም። ማርች 24 ቀን 1999 ማርጋሪንና ዱቄት የጫነ መኪና መሐል ዋሻው ውስጥ ተቀጣጠለ፤ እሳቱ 53 ሰዓት ቆየ፣ 39 ሰው ሞተ፣ ዋሻው እስከ 2002 ድረስ ተዘጋ። አብዛኞቹ ያለቁት እዚያው መኪናቸው ውስጥ ነው። ዋሻ ውስጥ ጭስ ካዩ ሞተር ያጥፉ፣ ቁልፉን ትተው ይውረዱ፣ በእግርዎ ወደ ማምለጫው በር ይሂዱ። መኪናው ይቅር።

ብር ቢበተንስ? ያገኘ ይወስዳል?

አይወስድም። በጁላይ 2019 በአትላንታ፣ አይ-285 ላይ ገንዘብ የጫነ መኪና በሩ ተከፍቶ 175,000 ዶላር ያህል ተበተነ። ሹፌሮች አውራ ጎዳና መሐል መኪና አቁመው ሲለቅሙ ተቀረጹ። ፖሊስ ይህ ስርቆት ነው፣ መልሱ ሲል አሳሰበ፤ የመለሱም ነበሩ። በኖቬምበር 2021 በካሊፎርኒያ ካርልስባድ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ የታሰሩ ሰዎች አሉ። ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን በዚያ ፍጥነት መኪና በሚሄድበት ቦታ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወረቀት መልቀሙ ነው።

ቤንዚን የጫነ ቦቴ ተገልብጦ ሰው ሲቀዳ ባይስ?

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብናገር ቅር አይበላችሁ። በኬንያ፣ ሳቻንግዋን፣ በጃንዋሪ 2009፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። በኮንጎ፣ ሳንጌ፣ በጁላይ 2010፤ ከ230 በላይ። በፓኪስታን፣ አህመድፑር ሻርቂያ አጠገብ፣ በጁን 2017 በኢድ ዋዜማ፤ ከ200 በላይ። በታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ፣ በኦገስት 2019፤ 100 ያህል። በሴራሊዮን፣ ፍሪታውን፣ በኖቬምበር 2021፤ ከ100 በላይ። በናይጄሪያ፣ ጂጋዋ ግዛት፣ በኦክቶበር 2024፤ ከ150 በላይ። አገሩ ይለያያል እንጂ የሆነው ተመሳሳይ ነው። ነዳጅ ፈሰሰ፣ ሰው ጀሪካን፣ ባልዲና ጠርሙስ ይዞ ተሰበሰበ፣ ከዚያ ነደደ።

እነዚህን ሰዎች ስግብግብ ብሎ መዝለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልልም። የአንድ ጀሪካን ቤንዚን ዋጋ የሳምንት እንጀራ ለሆነበት ቤት፣ ደጁ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ምን መስሎ እንደሚታይ መገመት አያቅትም። ብዙዎቹ አደጋውን ስላላወቁት ነው የሞቱት፤ ስለዚህ መነገር አለበት።

የሚገድለው ትነቱ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ቦይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚቀዳበት ከፍታ ላይ ማለት ነው። ዓይን አያየውም። ለመቀጣጠል ሙቀት አይጠብቅም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ እንኳ ብልጭታ ካገኘ ይይዛል። ብልጭታው ደግሞ ከየትም ይመጣል። የሞተር ሳይክል ሞተር፣ ሲጋራ፣ የባትሪ ገመድ፣ አስፋልት ላይ የሚጎተት ብረት። ቦቴው ከወደቀ ቆይቷል፣ እስካሁን ምንም አልሆነም ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ትነቱ የተጠራቀመበት ሰዓት ነው።

ኢትዮጵያ ነዳጇን የምታስገባው በአብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ ነው። በጋላፊም በደወሌም መስመር የሚነዳ ሰው በቀን ስንት ቦቴ እንደሚያልፍ ያውቃል። ቦቴ ተገልብጦ ካዩ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ይራቁ። የሰሜን አሜሪካ የአደጋ ጊዜ መመሪያ እንዲህ ላለው ፈሳሽ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ 50 ሜትር፣ ብዙ ከፈሰሰ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል እስከ 300 ሜትር፣ ቦቴው እሳት ከያዘው ደግሞ 800 ሜትር ማራቅን ይመክራል። የመጡበትን መኪና ያዙሩ። ልጆችን ይጥሩ፤ ልጆች ሁልጊዜ ቀድመው ነው የሚሮጡት። በሰፈሩ የሚሰሙ ሽማግሌ፣ ቄስ ወይም ሼህ ካሉ በእነሱ አፍ ይነገር፤ ከሹፌር ጩኸት የበለጠ ይሰማሉ።

ቦቴው ላይ ያለው ብርቱካናማ ሰሌዳ ምን ይላል?

ብዙ ቦቴዎች ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ያያሉ። የላይኛው የአደጋውን ዓይነት፣ የታችኛው የጭነቱን ማንነት ይነግራል። 33 ከላይ፣ 1203 ከታች ከሆነ ቤንዚን ነው። 30 እና 1202 ናፍጣ ነው። 1005 አሞኒያ፣ 1017 ክሎሪን ናቸው፤ ለእነዚህ ሁለቱ ቆሞ ማየት ራሱ ያስፈራል። ከላይኛው ቁጥር ፊት ኤክስ ካለ ውኃ እንዳይነካው ማለት ነው። ቁጥሩን ለማንበብ ሲሉ አይቅረቡ፤ ከሩቅ ከታየዎት ግን ስልክ ሲደውሉ ይንገሩ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ትልቅ ነገር ነው።

ቦቴ ከሌላ መኪና ይልቅ ለምን ይገለበጣል?

ጭነቱ ስለሚሄድ። ግማሽ የሞላ ቦቴ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት፣ ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይናጣል፤ መኪናው ቀጥ ካለ በኋላም ፈሳሹ ገና እየገፋ ነው። የነዳጅ ቦቴ ብዙ ጊዜ ውስጡ በግድግዳ ይከፋፈላል። የወተት ቦቴ ግን ለማጠብ እንዲመች ውስጡ ልሙጥ ሆኖ ስለሚሠራ ንጡ ይበረታል። ተንጠልጥሎ የተጫነ ሥጋና የቆሙ ከብቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኩርባው ላይ የተጻፈው ፍጥነት ለቤት መኪና ነው ብለው ይያዙትና ከዚያ በታች ይግቡ።

አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና እነዳለሁ። ጭነት ማሰር የጫነው ሰው ሥራ አይደለም?

ሕጉ ሹፌሩንም ይይዛል። የፌዴራል ደንቡ ከመነሳትዎ በፊት ጭነቱን እንዲያዩ፣ ከተነሱ በኋላም በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆመው እንደገና እንዲፈትሹ ያዝዛል። ከዚያ በየ3 ሰዓቱ ወይም በየ150 ማይሉ፣ ቀድሞ በደረሰው፤ የሥራ ሁኔታዎ በተለወጠ ቁጥርም እንዲሁ። የመጀመሪያው ፍተሻ ቶሎ የሆነው ጭነት በመንቀጥቀጡ ቦታ ሲይዝ ማሰሪያው ስለሚላላ ነው። የማሰሪያዎቹ አቅም ተደምሮ ቢያንስ የጭነቱን ክብደት ግማሽ መቻል አለበት። ታሽጎ እንዳትከፍት የተባለ ጭነት ከፍተሻው ነፃ ነው። የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከ2005 ጀምሮ በደንብ ባልታሰረ ጭነት ሰው ያቆሰለን እስከ አንድ ዓመት በሚያሳስር ወንጀል ይጠይቃል።

በኛ አገር መኪና ሲበላሽ የሚደረደረው ድንጋይስ?

ይህ ከሁሉ ያሳዝነኛል። መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ረዳቱ ድንጋይና ቅርንጫፍ ከኋላ ይደረድራል፤ ለሚመጣው ሰው ብሎ ነው፣ መልካም አሳብ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። አንድ ሌሊት ከአዳማ ወደ አዋሽ ስንሄድ አውቶቡሳችን እንዲህ ያለ ድንጋይ ለመሸሽ ወደ ግራ ወጣ፤ የሚመጣው ተሳቢ መብራቱን እያበራ በክንድ ርቀት አለፈን። ሕፃን የታቀፈች እናት አጠገቤ ነበረች፤ እስከ አዋሽ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ይያዙ። ድንጋይ ካስቀመጡ ለረዳትዎ «አንስተሃል?» ሳይሉ ማርሽ አያስገቡ።

ለማን ልደውል፣ ምንስ ልበል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ነው። አሜሪካና ካናዳ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112። እስራኤል ውስጥ ፖሊስ 100፣ አምቡላንስ 101፣ እሳት አደጋ 102። በኤምሬትስ ፖሊስ 999 ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ይናገሩ፣ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የሚመጣ ሰው ይኑር። ከየት ወደ የት የሚሄደው መስመር እንደሆነ፣ የትኛውን ከተማ እንዳለፉ፣ የኪሎ ሜትር ምልክት ካለ ቁጥሩን። ከዚያ የፈሰሰው ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚሸት፣ ጭስ እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ መኪና ውስጥ የተያዘ ሰው እንዳለ። ሰሌዳው ላይ ያነበቡት ቁጥር ካለ እሱንም ይጨምሩ። ስልኩን ያነሳው ሰው ዝጉ እስኪልዎ ድረስ አይዝጉ።